ከጋፋት ሠረገላ እስከ ቤተሰብ መኪና

የአንድ ዕቃ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ተደጋግሞ የሚነሣው የሠሪው ስም ነው። ማን ፈለሰፈው፣ በየትኛው ፋብሪካ ተሠራ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ወደ አገር ገባ እየተባለ ይጠየቃል። ዕቃውን ያፈላለገው፣ በዋጋው የተከራከረው፣ ከዓመታት ቁጠባም በኋላ ገዝቶ ወደ ቤቱ የወሰደው ሰው ግን ከታሪኩ ውጭ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተዘነጋ ገዢ ወደ ታሪኩ መመለስ ነው። ጥያቄውም የሚከተለው ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ የሚኖር፣ በመምህርነት ደመወዝ ወይም በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደር አንድ ቤተሰብ፣ አቅሙ የሚፈቅድለትን አሮጌ ግን ጠንካራ መኪና ለመግዛት ሲነሣ ምን ይገጥመዋል? የሚገጥመውስ ነገር ከየት መጣ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የገበያውን ዋጋ ብቻ መመልከት አይበቃም። መኪና ብረት ብቻ አይደለምና። ብረቱ የሚሄድበት መንገድ፣ ሲሰበር የሚተካለት ዕቃ፣ ዕቃውንም ከቦታው የሚያውል የባለሙያ እጅ ከሌለ እጅግ ርካሽ የሆነው መኪና በግቢ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ በአገራችን አንድ መኪና ለቤተሰብ አቅም ተስማሚ ነው የሚባለው በመንገድ፣ በመለዋወጫና በእጅ፣ በሦስቱም ሲመዘን ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ደግሞ በአንድ ቀን አልተገኙም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ረጅም ታሪክ አላቸው። የታሪኩም መነሻ፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ከደብረ ታቦር እምብዛም አይርቅም።

መንኰራኵሩና ሕዝቡ

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ ያሠሩበት ስፍራ ነው። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ባልደረቦቻቸው ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉ። እቶን እንዲያነዱ፣ ብረት እንዲያቀልጡ፣ መድፍ እንዲሠሩ አደረጓቸው፤ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እሳቱን እያራገቡ፣ ሸክላውን እያቦኩ አብረው ደከሙ። የድካሙ ፍጻሜ በ1859 ዓ.ም. የቀለጠው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ይገመታል።

መድፉን መሥራት አንድ ነገር ነበር፤ ማጓጓዝ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖል በመንኰራኵር ላይ ተጭኖ አብሮ ተነሣ። በቅሎና አህያ እንጂ ሠረገላ የማያውቀው አገር ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ አልነበረውም። መንገዱ እርምጃ በእርምጃ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተናደ፣ ሸለቆው እየተሞላ በወታደሩና በተከታዩ ሕዝብ ጉልበት ተሠራ። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች መዝግበዋል። መድፉን የሚጎትቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። የጅዳንና የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆዎች ተሻግሮ መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ በመቅደላ አረፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ቁም ነገር አለ። የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ የጅዳን ገደል የወረደውና የወጣው ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነው። የእንግሊዝ መኮንኖችም ሥራውን ሳያደንቁ አላለፉም። ከዚህ የምንረዳው በደቡብ ጎንደርና በወሎ ደጋ የመንኰራኵር መንገድ መጀመሪያ የተጠረገው ለመድፍ መሆኑን ነው። እህል ለሚጭን ገበሬ፣ ሕመምተኛ ለሚወስድ ቤተሰብ፣ ሸቀጥ ለሚያመላልስ ነጋዴ አልተጠረገም። ጉልበቱ የሕዝብ ሲሆን ጉዞው የሕዝብ አልነበረም።

ሞተር ከላይ ሲመጣ

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ገባች። ያመጣት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፍረውባት በአዲሱ መሣሪያ እንደተደሰቱ ይታወቃል። መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባችው በቤተ መንግሥት በር ነው ማለት ነው። ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተሰብ ለመሻገር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወሰደባት።

ለበጌምድር ሕዝብ ሞተር የመጣው ከዚህም በባሰ መልክ ነው። መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በጌምድርን ይገዙ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲወድቁ፣ በሠራዊታቸው ላይ ወረቀትና ቦምብ የጣለው አውሮፕላን ነበር። ከጦሩ መካከል ለብዙው ሰው የሞተር ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ከሰማይ ሳይሆን አይቀርም። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሞተር በምድር መጣ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ኢጣሊያ ፈጣን ጦር በካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ገባ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደብረ ታቦር በወራሪው እጅ ወደቀች። ወራሪው ሊማሊሞን የመሰለውን ገደል ቆርጦ መንገድ ያወጣው ለአገሬው ሰው ምቾት አስቦ አይደለም፤ ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ነው። የበጌምድር አርበኞች መንገድ እየቆረጡና ካሚዮን እያደኑ አምስት ዓመት ተዋጉ። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የደብረ ታቦሩ የጠላት ጦር እጁን ሰጠ።

ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ዛሬ ከደብረ ታቦርም ሆነ ከባሕር ዳር ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጋቢና፣ ፖርቶ መጋላ ሲባል ይሰማል። የኢጣሊያን ቋንቋ አንድም ዐረፍተ ነገር የማያውቅ መካኒክ በእነዚህ ቃላት ያስባል፣ ይከራከራል፣ ደቀ መዝሙሩን ያስተምራል። ቃላቱንም እንዳሉ አልተቀበላቸውም፤ በአማርኛ ግስ አሠራቸው። ፍሪሲዮን ይበላል፣ ሞተር ዘይት ይጠጣል፣ ካንዴላ ይቆሽሻል፣ ቴስታታ ይነሣል። የጋፋት እቶን የተዳፈነበት የእጅ ሙያ በጋራዥ በአዲስ ቋንቋ ቀጠለ ቢባል ከእውነት አይርቅም። መኪና ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ቋንቋ ከጌጥነት ያለፈ ዋጋ አለው። የማያውቀው ገዢ ሻጩና ደላላው ፊቱ ሆነው ሲነጋገሩ እንደ ባዕድ ቆሞ ይሰማቸዋል።

የትናንሾቹ መኪናዎች ዘመን

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋና ዋና መንገዶች እየተጠገኑና እየተስፋፉ ሲሄዱ በዓለም ገበያም አንድ ለውጥ ደረሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ የተነሡት የአውሮፓ ፋብሪካዎች ለመኳንንት ሳይሆን ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሆኑ ትናንሽ መኪናዎች መሥራት ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በኢትዮጵያ ከተሞች ስማቸው ቀርቷል።

አንደኛው ኢጣሊያ በ1947 ዓ.ም. ገበያ ላይ ያዋለው ፊያት 600 ነው። ሕዝባችን በጣሊያንኛው ቍጥር ሰይቼንቶ አለው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ 633 ሲ.ሲ. ብቻ የነበረ ነው። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆኖ ብዙ ዘመን አገለገለ። ሁለተኛው የጀርመኑ ቮልስዋገን ነው። የዚህም ሞተር ከኋላ ነው፤ ነገር ግን የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውኃ አይደለም። የሚፈላ ውኃ የለውም፣ የሚያፈስ ራዲያተር የለውም። ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንደ ታንኳ የተዘጋ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በጭቃና በድንጋይ መካከል ከትላልቆቹ ቀድሞ ለድል የበቃውም ይህን በመሰለ አሠራሩ ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣ።

እነዚህ ሁለት ትናንሽ መኪናዎች በአብዮቱ ታሪክ ውስጥም ያልታሰበ ቦታ አገኙ። በነዳጅ ዋጋ መጨመር የተቆጡ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ በዚያው ቀን መምህራንም ሥራ አቆሙ። በየጎዳናው የቆሙት ሰይቼንቶዎች ለዘውዱ መንግሥት የማይታለፍ ጥያቄ ሆኑበት። ከሰባት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሮልስ ሮይስ ይነዳላቸው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተሰብ የተጀመረው የመኪና ጉዞ በዚያ ቀን በአንድ ምስል ተጠቃለለ።

ይሁን እንጂ የከተማው ታሪክ የደጋው ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ በሰይቼንቶ ስትጨናነቅ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ የቤተሰብ መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። ሙሽራ የምትመጣው፣ ሕመምተኛ የሚወሰደው፣ ዳኛ የሚሄደው በበቅሎ ነው። ሰጋር በቅሎ መግዛት ትልቅ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፤ ዕውቀትም ይጠይቅ ነበር። ገዢው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ግላሷን ገልጦ ጀርባዋ ገጣባ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ ቁልቁለት ወስዶ አረማመዷን ይሞክራል። ይህ ዕውቀት ከበቅሎዋ ጋር አልጠፋም። ወደ ኋላ እንደምንመለከተው መኪና የሚገዛ አስተዋይ የደጋ ሰው ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የቻይና መንገድ

ለደብረ ታቦር ትልቁ ለውጥ የመጣው በመንገድ በኩል ነው። ኢትዮጵያና ቻይና በ1963 ዓ.ም. ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መሠረቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቤይጂንግን ከጎበኙ በኋላ የተገኘው ብድር ከወረታ ተነሥቶ፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና አልፎ ወልዲያ ለሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆን መንገድ ዋለ። ሥራው የተከናወነው በደርግ ዘመን ነው። የቻይና መሐንዲሶችና የአገሬው ሠራተኞች የጉናን ትከሻ ታክከው፣ የጋይንትን ገደል ቆርጠው ጎንደርንና ወሎን አገናኙ። ሕዝቡም እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። የቴዎድሮስ መድፍ ካለፈበት አቅጣጫ ጋር በብዙ ቦታ ይቀራረባል። በዚህ መንገድ ላይ አውቶቡስ መጣ፣ የጭነት መኪና መጣ፤ የጉና ድንች ወደ ሩቅ ገበያ መውረድ ቻለ። የደቡብ ጎንደር ደጋ ቤተሰብ መኪና የመግዛት ሐሳብ ሊያስብ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ላዳ መጣች። ላዳ በመሠረቱ የኢጣሊያ ልጅ ናት። የሶቭየት መንግሥት በ1958 ዓ.ም. ከፊያት ጋር ተዋውሎ ፊያት 124ን ለራሱ መንገድና ብርድ እንዲመች አድርጎ አሻሻለው። ላሜራው ወፈረ፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ አለ፣ የኋላው ፍሬን ተለወጠ፤ በጠቅላላው ከ800 በላይ ለውጦች ተደረጉበት። ለሩሲያ ጭቃ የታሰበው ለውጥ ለኢትዮጵያ ኮረኮንችም ተስማማ። ከዚያ በኋላ ዲኤክስ እየተባለች የምትጠራው የጃፓን ቶዮታ ኮሮላ የኢትዮጵያን ቤተሰብ ልብ ወሰደች። ዛሬ በአሮጌ መኪና ገበያ ገዢው የሚያማርጠው በአብዛኛው በእነዚህ በሦስቱ፣ በቮልስ፣ በላዳና በዲኤክስ መካከል ነው።

ምርጫው ግን በከፍታ መፈተን አለበት። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም 34 የፈረስ ጉልበት የተሰጠው አሮጌ የቮልስ ሞተር እዚያ ሲደርስ ከ25 ወይም ከ26 እምብዛም አያልፍም። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ውኃ ደግሞ በዚህ ከፍታ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ራዲያተር ላለው መኪና የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ያረጀ እንደሆነ የወረታ ዳገት ያጋልጠዋል። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እንከን የለሽ ሆኖ የታየ መኪና ደጋ ወጥቶ የሚያሳፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜ ዕዳ ሲሆን

በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቍጥር ዋጋው ይወድቃል፤ አንዳንዱም ብርቅ ሆኖ ለሰብሳቢ ሲበቃ ዋጋው እንደገና ይነሣል። በኢትዮጵያ ግን አሮጌ መኪና የሚወደደው ብርቅ ስለሆነ ሳይሆን አዲሱ ስለማይደረስበት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የቀረጥና የታክስ ሕግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተራቸው እስከ 1,300 ሲ.ሲ. በሆኑ አውቶሞቢሎች ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲ.ሲ. በሆኑት ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ 100 በመቶ ጣለ፤ ይህም ከሌሎች ግብሮች በተጨማሪ ነው። ትንሽ ሞተር ያለው መኪና በገዢው ዘንድ እንዲከበር ያደረገው ይህን የመሰለ ስሌት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ መለኪያ አደረገ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ አገር ለማስገባት የሚከፈለው ታክስ ከመኪናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ።

ከእነዚህ ሕጎች ጀርባ ያለው ሐሳብ ሊናቅ አይገባም። አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ በደብረ ታቦር ከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ወደ ወረታ ሲወርድም ከቁልቁለቱ ኃይል መልሶ ሊያጠራቅም ይችላል። ለደጋ አገር ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ዳሩ ግን ቀደም ሲል ባልነው ሚዛን ሲመዘን መንገዱ ቢኖርም መለዋወጫውና እጁ ገና በየአነስተኛ ከተማው አልደረሱም። ስለዚህ በሽግግሩ ዘመን የመምህሩ ቤተሰብ ፊቱን የሚያዞረው ቀድሞ አገር ውስጥ ወደ ገቡት አሮጌዎች ነው። ገዢው እየበዛ አሮጌው ግን ስለማይጨመር ዋጋው ይወጣል። አዋጁ ያረጀውን ለማስወገድ ታስቦ ያረጀውን ውድ አደረገው።

ሌላው ምክንያት ሰላም ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት በዚያው በቻይና መንገድ ወደ ደቡብ ጎንደር ገባ። ንፋስ መውጫ ተያዘች፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ በቤታቸው ያሉ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን ብዙ ጊዜ ዘግቶታል፤ ነዳጅንም አስወድዶታል። መንገዱ ከመድፍ ወደ ቤተሰብ ለመሸጋገር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበት፣ እንደገና ወደ መድፍ ለመመለስ ጥቂት ሳምንታት በቁት። መኪና የሚገዛ ሰው ይህን በሒሳቡ ውስጥ ባይጽፈውም በልቡ ይደምረዋል።

ገዢው የሚያነበው

እንግዲህ ቤተሰቡ ገንዘቡን ቋጥሮ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ባሕር ዳር ወይም ከዚያ አልፎ አዲስ አበባ ወርዶ መኪና ያማርጣል እንበል። የሚያየው የመጀመሪያው ነገር ቀለም ነው፤ የሚያታልለውም ቀለም ነው። እዚህ ላይ የበቅሎ ገዢው ሥርዓት ያገለግላል። ገጣባ በግላስ እንደሚሸፈን ዝገትም በስቱኮና በአዲስ ቀለም ይሸፈናል። በቮልስ የኋላው መቀመጫ ይነሣ፤ ባትሪው የተቀመጠው ከሥሩ ነውና ከባትሪው የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶት እንደሆነ እዚያ ይታያል። በበሮቹ ሥር በቁመት የሚሄደው ክፍት ብረት በጣት ይነካ፤ ቅርፊቱ ከረገፈ መኪናው የቆመው በቀለም ነው። የጥርስ ምርመራው ደግሞ የሻንሲና የሞተር ቍጥር ነው፤ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቍጥር ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅር የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩ በብርዱ ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ከሆነ የሚደብቀው ነገር እንዳለ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ፣ በሞቀ ሞተር የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ ለመግባቱ ምልክት ነው። በቮልስ ላይ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ዲናሞውን የሚያዞረውና አየር የሚነፋውን ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ የዲናሞው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ የባትሪ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ ወዲያው ቆሞ ቺንጋውን ማየት ያስፈልጋል። ፍሬንና ፍሪሲዮን በሜዳ ሳይሆን በዳገትና በቁልቁለት ይፈተኑ። ቤተሰቡ ሁሉ ተጭኖ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ያቃተው መኪና ለደጋ አይሆንም።

ወረቀቱም እንደ ብረቱ ይመርመር። ባለቤትነቱ በሊብሬው ከተጻፈው ሰው ጋር ሳይገጥም በውክልና ላይ ውክልና እየተሸጠ የመጣ መኪና፣ በባንክ ወይም በፍርድ ቤት ዕገዳ ያለበት መኪና፣ ቦሎው ዓመታት ያለፉት መኪና ከዋጋው በላይ ዕዳ ይዞ ይመጣል። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም በሒሳቡ ይግባ። በመጨረሻም ቤተሰቡ ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። ይህ መኪና ነገ ቢሰበር ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል? የሚገጥመውስ መካኒክ ደብረ ታቦር ውስጥ አለ? መልሱ የሚያረካ ከሆነ መኪናው በጥቂት ሺህ ብር ቢወደድም ርካሽ ነው። መልሱ የማያረካ ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።

ለባህል ሠራተኞች የሚቀር ሥራ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ለገዢው ብቻ የሚተው አይደለም። የአገራችን አሮጌ መኪናዎች በመኪና ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የማይገኝ ሌላ ታሪክ ተሸክመዋል። የቮልስ ሞተር ከፍቶ በድምፁ ብቻ በሽታውን የሚያውቅ፣ የጠፋውን ዕቃ ከሌላ መኪና ብረት ቀርጾ የሚተካ አንጋፋ መካኒክ የጋፋት ብረት አቅላጮች የሙያ ወንድም ነው። ያ ሙያ ግን በወረቀት ላይ አልሰፈረም። ከኢጣሊያንኛ የተወረሱትና በአማርኛ ግስ የተገሩት የጋራዥ ቃላትም በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንደሚገባቸው ገና አልተመዘገቡም። የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሲሄድ ካንዴላ የለም፣ ካርቡራተር የለም፣ ማርሚታም የለም። አንጋፋዎቹ በሕይወት እያሉ ቃላቱንና ብልሃቱን መሰብሰብ፣ በየከተማው ከሚጣሉት አሮጌዎች መካከል ጥቂቱን ለትምህርት ቤትና ለሙዚየም ማቆየት የመምህራን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችና የባህል ተቋማት ተግባር ነው።

ስለ ቤተሰቡም የምንለው ይህን ነው። የደጋ ቤተሰብ መኪና የሚፈልገው ለታይታ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ሌሊት ሆስፒታል እንድትደርስ፣ ልጅ ከርቀት ትምህርት ቤት እንዲመለስ፣ ድንችና ገብስ ገበያ እንዲወርድ፣ ዘመድ ለተዝካርና ለሠርግ እንዲጠያየቅ ነው። እነዚህ ጉዳዮች ከመድፍ ጭነት የሚያንሱ አይደሉም። ከጋፋት እስከ መቅደላ መንገዱን በጉልበቱ የጠረገው ሕዝብ ነው፤ የቻይናውንም መንገድ ድንጋይ የተሸከመው የዚያ ሕዝብ ልጅ ነው። ከስድሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የወረታን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ፣ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ድንች የጫነ አሮጌ ቮልስ በዚያ መንገድ ላይ የሚያልፈው በባለቤትነት መብት ነው። መንገዱ ለእርሱ ክፍት ሆኖ እንዲኖር ማድረግ የሁላችንም ጉዳይ ነው።